አራት ስም የነበራቸው አባት፦ የኦነሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

ከጋምቤላ ተነሥቶ በቡሬ፣ በጎሬና በመቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ፣ መቱን ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ሁሩሙ ወደምትባል ስፍራ ይደርሳል። አገሩ ደን የለበሰ፣ ቡና የሚበቅልበት ደጋማ አገር ነው። ጋምቤላ ለብዙ ዓመታት በኢሉባቦር ሥር ትተዳደር ስለ ነበር በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን ስፍራውን ያውቁታል፤ ወጣቶቹም ቢሆኑ በአውቶቡስ መስኮት ሳያዩት አልቀሩም። በ1850ዎቹ ዓመታት በዚህ በሁሩሙ አካባቢ ከኦሮሞ ቤተሰብ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ልጅ በኋላ ኦነሲሞስ ነሲብ በሚል ስም በአገር ውስጥም በውጭም የታወቀው፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ሰው ነው።

ወላጆቹ ያወጡለት ስም ግን ኦነሲሞስም ነሲብም አልነበረም። ሂካ አሉት። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ቃሉ የወጣበት ግሥ እንደ አማርኛው ፈታ ሁለት ፊት አለው፤ የታሰረውን መፍታትም፣ የተሰወረውን ነገር መተርጐምም ይሆናል። በእኛም ቋንቋ ገመድም ሕልምም ይፈታል። ወላጆች ለልጃቸው ስም ሲያወጡ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የሂካ እናትና አባትም ልጃቸው አንድ ቀን ታስሮ እንደሚሸጥ፣ ከዚያም ተፈትቶ ተርጓሚ እንደሚሆን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ኦነሲሞስ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበሩም፤ የተማሩትም ያገለገሉትም በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ውስጥ ነው። ሆኖም ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ያወጣው ድንጋጌ፣ ከእኛ ተለይተው በሚኖሩት ወንድሞች ዘንድ ያለውን እውነተኛ ክርስቲያናዊ ሀብት በደስታ እንድናውቅና እንድናከብር ስለሚያስተምረን፣ የኚህን ሰው ሕይወት በዚህ መጽሔት ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ሌላም ምክንያት አለን። ካቴኪስቶቻችን በየዓመቱ ለጥምቀት የሚዘጋጁትን ሰዎች ስም በመዝገብ ይጽፋሉ። አንድ መስመር፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ነው። በዚያች መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚቀር ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

ሂካ አባቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። በዚያን ዘመን አባት የሌለው ልጅ ጠባቂ የሌለው ልጅ ነበር። በ1869 ገደማ ባሪያ ፈንጋዮች ያዙትና ወሰዱት። ያን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚነዱ ምርኮኞች ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጡ፣ በጎጃም በኩል አልፈው እስከ መተማና እስከ ምጽዋ ይደርሱ ነበር። በባሮ ሸለቆና በአካባቢው ያሉት ሕዝቦችም ከዚህ መከራ አላመለጡም። የደጋው ገበያ ለቆላው ሰው ሁሉ አንድ የጅምላ ስም ሰጥቶት ነበር፤ ስሙ የሰውዬውን ነገድም ሆነ አገር አይገልጽም፣ ለሽያጭ የሚሆን መሆኑን ብቻ ይናገራል። ያን ስም እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ትልልቆቻችን ሰምተውታል። ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ የሚያዘው አዋጅ የወጣው በ1924 ሲሆን፣ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ይህ ሁሉ የተፈጸመው በሩቅ ዘመን አይደለም ማለት ነው።

ባሪያ በተሸጠ ቁጥር ስሙም ሊለወጥ ይችል ነበር። ስም መለወጥ ለገዢው ብዙ ይጠቅመዋል። ልጁ በአገሩ ስም ቢጠራ እናቱን፣ መንደሩን፣ ቋንቋውን ያስታውሳል፤ የሚያስታውስ ልጅ ደግሞ ለማምለጥ ያስባል። የሚገርመው ግን ነጋዴዎቹ የሚሰጧቸው ስሞች ክፉ አለመሆናቸው ነው። አብዛኛዎቹ የመልካም ምኞት ቃላት ነበሩ፤ ዕድለኛ፣ ብሩክ፣ ደስተኛ የሚሉ የዐረብኛ ስሞች። ሂካም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነሲብ ተባለ። ነሲብ በዐረብኛ ዕጣ፣ ድርሻ፣ ዕድል ማለት ነው። ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም፤ በነሲብ ስንል በግምት፣ እንዳጋጠመ ማለታችን ነው። ወላጆቹ አስበው ተርጓሚ ያሉት ልጅ እንዳጋጠመ ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። በአገራችን ልማድ ከአንድ ሰው ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ኦነሲሞስ ነሲብ የሚለውን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ነሲብ የአባታቸው ስም ይመስለዋል። አይደለም። በአባት ስም ቦታ ላይ የተቀመጠው የገበያው ስም ነው። ኦነሲሞስ ነጻ ከወጡም በኋላ፣ ከተማሩም በኋላ፣ መጻሕፍት ካሳተሙም በኋላ ይህን ስም አልጣሉትም፤ በመጽሐፎቻቸው ላይ ሳይቀር አሳትመውታል።

በዚያው ዘመን፣ ከእኛ አገር ድንበር ማዶ፣ በሱዳን፣ ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰባት ሌላ ልጅ ነበረች። በ1869 ገደማ በዳርፉር የተወለደችው ይህች ልጅ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆናት ፈንጋዮች ወሰዷት። ከድንጋጤዋ ብዛት ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ረሳችው፤ እስክትሞት ድረስም አላገኘችውም። የሰረቋት ሰዎች ባኪታ አሏት፤ ዕድለኛዋ ማለት ነው። በኤል ኦቤይድና በካርቱም ተሸጠች፤ ከጌቶቿ አንዱ በነበረ የቱርክ ጦር መኮንን ቤት ሰውነቷ በስለት ተበጥቶ ጨው ተነሰነሰበት። በ1883 በካርቱም የኢጣልያ ምክትል ቆንስል የነበረ ሰው ገዛት፤ ከእርሱም ጋር ወደ ኢጣልያ ሄደች። በቬኒስ የካኖሳ እኅቶች ገዳም ውስጥ የክርስትናን ትምህርት ስትማር፣ በዚያ ያስቀመጧት ሰዎች ሊወስዷት መጡ፤ እርሷም አልሄድም አለች። ጉዳዩ ለዳኞች ቀርቦ በ1889 ነጻ ሰው መሆኗ ተረጋገጠ። ጃንዩወሪ 9 ቀን 1890 ስትጠመቅ ዮሴፊና ማርጋሪታ ፎርቱናታ ተባለች። ፎርቱናታ በላቲን ዕድለኛዋ ማለት ነው። የፈንጋዮቹን ስም ቤተ ክርስቲያን ተርጉማ በጥምቀት መዝገብ ጻፈችው። ስኪዮ በተባለች ከተማ ለብዙ ዓመታት ስታገለግል፣ ሕዝቡ ደግሞ በቆዳዋ ቀለም ጠይሟ እናታችን እያለ ይጠራት ነበር። በ1947 ዐረፈች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1992 ብፅዕት፣ በ2000 ቅድስት ብለው ዐወጁአት።

ስለ ቅድስት ባኪታ ይህን ያህል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባኪታ ስሟን ረሳች፤ ሂካ አልረሳም። ከዚህ የተነሣ የሁለቱ መንገድ ይለያያል። ለባኪታ የተሰጣት የሐሰት ስም ብቻ ስለ ነበራት፣ በእርሱ ውስጥ እውነት ይሆን ዘንድ ኖረችበት። ሂካ ግን ወደ ኋላ የሚመለከትበት የራሱ ስም ነበረው።

ነሲብ የተባለው ልጅ በ1870 ምጽዋ ደረሰ። በዚያ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አውጥቶ በከተማው ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። ሚሲዮናውያኑ ወደ ምጽዋ የመጡት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመሄድ አስበው ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶባቸው በወደቡ ተቀምጠው ሳለ የኦሮሞ ልጆች በሰንሰለት ታስረው ወደ እነርሱ ደረሱ። ልጁ ትምህርቱን በፍጥነት ያዘ። በ1872 በፋሲካ ቀን፣ ማርች 31፣ ተጠመቀ፤ ስሙም ኦነሲሞስ ተባለ።

ይህን ስም የምናገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ውስጥ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ ተጽፏል። አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበር። ከጌታው ተለይቶ ወደ እስረኛው ጳውሎስ መጣና በእርሱ ዘንድ ክርስቲያን ሆነ። ሐዋርያው ወደ ጌታው መልሶ ሲልከው፣ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምናል። ስሙ በግሪክኛ ጠቃሚ ማለት ነው። በሮማውያን ዘመን ጌቶች ለባሪያዎቻቸው ደጋግመው የሚያወጡት ስም ነበር፤ ከባሪያ የሚፈለገው መጥቀሙ ነውና። ጳውሎስ በዚህ ስም ትርጉም ላይ ተጫውቶበታል፤ ቀድሞ የማይጠቅምህ ነበረ፣ ዛሬ ግን ለአንተም ለእኔም ይጠቅማል ወደሚል ሐሳብ ወስዶታል። ስሙን ግን አልለወጠውም። ይህን አስተውሉ፤ ሳውል በምስክርነቱ ዘመን ጳውሎስ፣ ስምዖን ጴጥሮስ ተብለው ሲጠሩ፣ አናሲሞስ የባርነት ስሙን እንደያዘ ወንድም ሆነ። የተለወጠው የሚጠራው ድምፅ ነው።

እንግዲህ የሁሩሙው ልጅ በጥምቀት የተቀበለው ሦስተኛ ስሙም በመጀመሪያ የባሪያ ስም ነበር። ያወጡለት ሰዎች በመልካም ልብ እንዳወጡለት አያጠራጥርም፤ ከባርነት የተፈታ ክርስቲያን ስለሆነ የአናሲሞስ ታሪክ የእርሱ ታሪክ መስሎ ታይቷቸዋል። ሂካ የሚለው ስም ግን በዚያ ቀን ከመዝገቡ ውጭ ቀረ። በእኛ በኩል ይህ ያሳዝነናል። በዚያን ጊዜ ከነበሩት የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን መካከል ሌላ ዓይነት ነገር የሚያደርጉት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ግን በእነርሱ ላይ ብቻ ልንፈርድ አንችልም።

የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሕግ በዚህ ረገድ ምን እንደሚል ካቴኪስቶቻችን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በ1917 የወጣው የቀድሞው ሕገ ቀኖና፣ ለሚጠመቀው ሰው ክርስቲያናዊ ስም እንዲሰጠው ቆሞሱ እንዲተጋ፣ ይህ ካልተቻለ ወላጆች ባወጡት ስም ላይ የአንድ ቅዱስ ስም ጨምሮ ሁለቱንም በጥምቀት መዝገብ እንዲጽፍ ያዝ ነበር። ሁለቱንም የሚለውን ብዙዎች አላነበቡትም ይሆናል። በ1983 የወጣው ሕግ ደግሞ በቁጥር 855 ላይ፣ ለክርስትና መንፈስ እንግዳ የሆነ ስም እንዳይሰጥ ወላጆች፣ የክርስትና አባትና እናት እንዲሁም ቆሞሱ እንዲጠነቀቁ ብቻ ይጠይቃል። የአውሮፓ ስም ይሁን አይልም፤ የቤት ስም ይጥፋ አይልም። በአኙዋኮች ዘንድ ከመንታ በኋላ የተወለደ ልጅ ኦኬሎ ይባላል፤ በዚህ ስም ውስጥ የቤተሰቡ ታሪክና ምስጋና አለ። በኑዌሮች ዘንድ ጋትኩዎት የእግዚአብሔር ልጅ፣ ኛኩዎት የእግዚአብሔር ሴት ልጅ ማለት ነው። ለክርስትና ከዚህ የቀረበ ስም ከየት ይመጣል? ጋትኩዎት የሚባል ወጣት ዮሐንስ ወይም ጴጥሮስ መባል ቢወድ መልካም ነው፣ የቅዱሱን ጥበቃ ያገኛል። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ጋትኩዎት ተሰርዞ ዮሐንስ ብቻ ሲቀር፣ ያ ወጣት በቤቱ አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሌላ ሰው የሆነ ሊመስለው ይችላል። የሕዝብ ስምም እንዲሁ ነው። ኑዌር የሚለው ስም ጎረቤቶች የሰጡት ነው፤ እነርሱ ራሳቸውን ናት ይላሉ፤ ሰዎች ማለት ነው። በጋምቤላ ገበያ ከየትኛውም ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ደግሞ በአንድነት ደገኛ ይባላል። ቃሉ ስድብ አይደለም፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ከመጠየቅ ግን ያሳርፋል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ከዚህ በኋላ ኦነሲሞስን በአንቱታ እንጠራቸዋለን፤ ሰዎቹም እንዲህ መጥራት የጀመሩት በዚህ ዕድሜያቸው ይሆናል።

ኦነሲሞስ በ1876 ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ተመልሰው ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን አገቡ። ወዲያውኑም ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ከጓደኞቻቸው ጋር ተነሡ። የመረጡት መንገድ በሱዳን በኩል ነበር፤ በካርቱም አልፈው፣ የዐባይን ሸለቆ ተከትለው፣ ከቤኒ ሻንጉል ጫፍ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘጋ፤ ወባውም በረታ። በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በታጁራ በኩል ዞረው እስከ እንጦጦ ቢደርሱም ወደ ምዕራብ እንዲያልፉ አልተፈቀደላቸውም። ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለት ጊዜ ከተመለሱ በኋላ፣ ከምጽዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በእምኩሉ ተቀመጡ። አገራቸው መግባት ባይችሉ መጽሐፉን በአገራቸው ቋንቋ ለማዘጋጀት ቆረጡ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሥራ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ ከባድ ችግር ገጠማቸው። ኦነሲሞስ ከኦሮሞ አገር የወጡት በልጅነታቸው ነበር፤ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ ስዊድንኛ ተምረዋል፤ የእናታቸው ቋንቋ ግን የልጅ ቋንቋ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አንድ ልጅ ውኃና እሳት፣ እናትና በግ የሚሉትን ያውቃል። ምሕረትን፣ ቃል ኪዳንን፣ ፍርድን፣ የሽማግሌ ምክርን የሚናገርበት የጎልማሳ አነጋገር ግን ከእርሱ ጋር የለም፤ እርሱ ለአደባባይ ሳይደርስ ተሸጧልና። ስማቸው ተርጓሚ የሆነው ሰው ለመተርጐም ቃል አጠራቸው።

ርዳታ የመጣው ከሌሎች ነጻ ከወጡ ኦሮሞዎች ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ከአንዲት ወጣት። ይህች ወጣት በሊሙ እናርያ ቤተ መንግሥት በባርነት ተይዛ የነበረች ናት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሻገር በጀልባ ተጭና ሳለ የኢጣልያ መርከብ ይዞ ነጻ አወጣትና በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም አስቴር ጋኖ ተባለች። በመጽሐፍ ቅዱስ የምትገኘው አስቴርም ሁለት ስም እንደነበራት፣ በአይሁድ ዘንድ ሃደሳ እንደምትባል አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። አስቴር ጋኖ ከኦነሲሞስ ታንሳለች፤ ቋንቋዋ ግን ሙሉ ነበር። አሥራ አምስት ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበችላቸው። አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከራስዋ ትዝታ ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሁለቱ በጋራ ባዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተሙ። በእኛ አስተያየት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ ስሟ ከኦነሲሞስ እኩል ሊጠራ ይገባ ነበር፤ ለብዙ ዘመን ሳይጠራ ቀርቷል።

ስለዚያው የ1894 መጽሐፍ አንድ ነገር እንጨምር። በእንግሊዝኛ በተጻፈው ርእስ ላይ መጽሐፉም ጸሐፊውም የተጠሩት፣ የውጭ ሰዎች ለኦሮሞ ሕዝብ በሰጡት፣ ሕዝቡም በማይቀበለው ስም ነው። በውስጥ፣ በኦሮምኛው፣ ኦሮሞ ይላል። ሽፋኑ ለሌላው ሰው፣ ውስጡ ለባለቤቱ የተጻፈ ይመስላል። ከእኛ ወገን የነበሩት የካፑቺኑ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ፣ ሕዝባችን አባ መስያስ ይላቸው የነበሩት፣ ከዚያ ቀደም ብለው በ1867 በፓሪስ ያሳተሙት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን ርእሱ ላይ የኦሮሞ ቋንቋ ይልና ሌላውን ስም ሰዎች የሚጠሩበት ብሎ ከኋላ ያስከትለዋል። እኒህ አባት በኦሮሞ አገር ለብዙ ዓመታት ከሕዝቡ ጋር ስለኖሩ ሕዝቡ ራሱን ማን ብሎ እንደሚጠራ ሰምተው ነበር።

ሐዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቅዱስ ክሪሾና። ሁለቱም የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነው። ባለቤታቸው ምሕረት ይህን ሳያዩ ቀድመው ዐርፈው ነበር፤ ኦነሲሞስ በኋላ ሊድያ ዲምቦን አግብተዋል።

በ1904 ኦነሲሞስ በመጨረሻ ወደ ወለጋ ገቡ። ከተወሰዱ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። የተቀበሏቸው የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። እርሳቸውም ሁለት ስም ነበራቸው፤ የኦሮሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ ነው፣ ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት በአፄ ምኒልክ ዘመን ክርስትና ሲነሡ ነው። ስማቸው የተለወጠ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው በአባቶቻቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። ኦነሲሞስ መጀመሪያ በቦጂ፣ ቀጥሎም በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍተው አስተማሩ፤ በኦሮምኛም ሰበኩ።

ሕዝቡ እግዚአብሔር በእርሱ ቋንቋ ሲናገር በመስማቱ ተደነቀ፤ ከዚህም የተነሣ በአካባቢው የነበሩት ካህናት ቅር ተሰኙ። በ1906 ኦነሲሞስ እመቤታችንን ይሳደባል ተብለው ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአካባቢው እንዲወጡም ተፈረደባቸው። በአገራችን በሃይማኖት ጠብ ውስጥ ማን ምን እንደሚያምን ሳይጠየቅ የሚለጠፍ ስም ስንት ሰው እንደጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ተማሪ የሆነው ብፁዕ ገብረ ሚካኤል በ1855 በሰንሰለት ታስሮ የሞተው ከእንዲህ ያለ ስም ጋር ነው። የኛ ወገንም በተራው በሌላው ላይ መለጠፉን አልተወም።

አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት፤ ኦነሲሞስ ወደ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ ተባለ። ሰባኪው ዝም እንዲሉ ተደረገ ማለት ነው። እርሳቸውም ታዘዙ። ለአሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤት ልጆችን ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ፊደል የሚቈጥረው ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ ግን እርሳቸው የተረጎሙት ነበር። በ1916 ልጅ ኢያሱ በነጻነት እንዲያስተምሩ ፈቃድ ሰጡ፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ አልተሻረም።

የነቀምቴ ሰው ኦነሲሞስ የሚለው ስም ለምላሱ አልቀናውም ይሆናል፣ ነሲብ ማለቱም ትርጉም አልሰጠውም። አባ ገመቺስ አላቸው። ቃሉ ደስ ማሰኘትን የሚናገር የኦሮሞ ቃል ነው፤ አባ የሚለውም በኦሮሞ ዘንድ የክብር መጠሪያ ነው። አራተኛው ስማቸው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ወላጆች፣ ሁለተኛውን ነጋዴዎች፣ ሦስተኛውን ሚሲዮናውያን፣ አራተኛውን ጎረቤቶች ሰጡ። ከአራቱ አንዱንም ራሳቸው አላወጡትም። ከእነዚህ መካከል አራተኛው ብቻ ጎልማሳውን ካዩ፣ ከእርሱ ከተማሩና ከእርሱ ጋር ከኖሩ ሰዎች አፍ የወጣ ነው፤ እርሳቸውም ከሠላሳ ዓመት በላይ የራቁትን ቋንቋ መልሰው የሰጧቸው በዚህ ስም ነው።

አባ ገመቺስ ጁን 21 ቀን 1931፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በነቀምቴ ዐረፉ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ትርጉማቸው ከእርሳቸው ሞት በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በኦሮሞ አብያተ ክርስቲያናት ሲነበብ ኖሯል። ቃላቱን የሰበሰበችላቸው አስቴር ጋኖ ከእርሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይታ በ1964 ዐረፈች።